የታዳጊዎች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች እንዴት ይመረጣሉ? ከልደት ቀን እስከ ብሔራዊ ማሊያ

በዲምቱና በዙሪያዋ ባሉ የወላይታ ቀበሌዎች ከትምህርት መልስ ኳስ የማይንከባለልበት ሜዳ ማግኘት ያስቸግራል። ከጨርቅ በተሠራ ኳስም ይሁን በገበያ በተገዛ፣ በባዶ እግርም ይሁን በጫማ፣ ልጆች ፀሐይ እስክትጠልቅ ይጫወታሉ። የአገራቸውን ማሊያ ለብሰው መሰለፍን የሚመኙት ብዙዎች ናቸው። ምኞቱ እውን የሚሆነው በምን መንገድ እንደሆነ የሚያውቁ ወላጆች ግን ጥቂት ናቸው። ብዙዎች ምርጫው የሚጀምረው አሠልጣኝ ሜዳ ዳር በቆመበት ቀን ይመስላቸዋል። በእርግጥ የሚጀምረው ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ልጁ በተወለደበት ዕለትና የልደቱ ቀን በወረቀት በሰፈረበት ጊዜ ነው።

አንድ ታዳጊ ለብሔራዊ ቡድን ለመብቃት ሦስት ወንፊት ያልፋል። የመጀመሪያው ዕድሜ፣ ሁለተኛው በመራጮች ዓይን መታየት፣ ሦስተኛው የችሎታ ምዘና ነው። ችሎታ የልጁና የአሠልጣኙ ጉዳይ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን በአብዛኛው በወላጅ፣ በቀበሌ፣ በትምህርት ቤትና በአካባቢ ክለብ እጅ ያሉ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ሦስቱንም በየተራ ያብራራል።

የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን ምንነት

የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ማኅበራት ፌዴሬሽን (ፊፋ) ለታዳጊዎችና ለወጣቶች የሚያዘጋጃቸው ዋና ዋና ውድድሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከ17 ዓመት በታች፣ ሌላው ከ20 ዓመት በታች ለሆኑ ነው። ሁለቱም በወንዶችና በሴቶች ለየብቻ ይካሄዳሉ። ለአፍሪካ አገሮች የወንዶቹ መንገድ የሚያልፈው በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ውድድሮች ነው። ኢትዮጵያ በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን ስለምትገኝ ቡድኖቿ በቅድሚያ ከሴካፋ አባል አገሮች ጋር ይጋጠማሉ።

ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ ሩቅ የተጓዘችባቸው ጊዜያት አሉ። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. የአፍሪካ ወጣቶች ሻምፒዮናን አስተናግዳ አራተኛ ደረጃ አገኘች፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይም አርጀንቲና ባዘጋጀችው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ተሳተፈች። ቡድኑ ከኮስታሪካ፣ ከኢኳዶርና ከኔዘርላንድስ ጋር ተመድቦ ሦስቱንም ጨዋታዎች ቢሸነፍም፣ የኢትዮጵያ ወጣቶች ከዓለም ወጣቶች ጋር አንድ ሜዳ ላይ መቆም እንደሚችሉ አሳይቷል። በሴቶች በኩል ደግሞ ከ20 ዓመት በታች ቡድኗ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኡጋንዳ ውስጥ በተካሄደው የሴካፋ ውድድር አስተናጋጇን በመጨረሻው ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ወስዷል።

በደቡቡ የአገራችን ክፍል ለሚኖሩ ታዳጊዎች የቅርብ አርአያ አይጠፋም። የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከወላይታ ብዙም በማይርቀው የከምባታ ምድር፣ በዱራሜ ከተማ የተወለደች ናት። ለሐዋሳ ከተማና ለደደቢት ከተጫወተች በኋላ ወደ ማልታ አቅንታ እ.ኤ.አ. በ2019/20 የውድድር ዘመን ከቢርኪርካራ ጋር የሊጉን ዋንጫ አንሥታለች፤ በግብ አስቆጣሪነትም ቀዳሚ ነበረች። ወላይታ ድቻ በበኩሉ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ቢሸነፍም በመለያ ምት 4 ለ 3 ረትቶ ከውድድሩ አስወጥቶታል። ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ ትልቅ መድረክ መድረስ እንደሚቻል ከእነዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

መራጩ ማን ነው?

የታዳጊ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝን የሚሾመው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ነው። ተጫዋቾችን የመምረጥ ኃላፊነት የአሠልጣኙና የረዳቶቹ ሲሆን፣ ፌዴሬሽኑ የዕድሜ ሰነዶችን ያጣራል፣ ለውድድር አዘጋጁ አካልም ስም ዝርዝር ያስተላልፋል።

አሠልጣኞች ተጫዋቾችን የሚፈልጉት ከታወቁ ምንጮች ነው። እነዚህም የክለቦች የታዳጊና የወጣት ቡድኖች፣ የስፖርት አካዳሚዎች፣ በየወረዳውና በየከተማው የሚገኙ የታዳጊ ፕሮጀክቶች፣ የትምህርት ቤቶች ውድድሮችና ክልሎች የሚሳተፉባቸው አገር አቀፍ የታዳጊ ጨዋታዎች ናቸው። ከእነዚህ የተገኙ ልጆች በቅድመ ምርጫ ዝርዝር ይያዛሉ፤ ለልምምድ ይጠራሉ፤ ሰነዳቸው ይመረመራል፤ የሕክምና ምርመራ ያደርጋሉ። ቁጥራቸው በየደረጃው እየተቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ዝርዝር ውስጥ የሚቀሩት 21 ተጫዋቾች ብቻ ሲሆኑ ከእነሱም ቢያንስ ሦስቱ ግብ ጠባቂዎች መሆን አለባቸው።

ይህ ቁጥር አንድ ነገር ያስገነዝባል። ግብ ጠባቂዎቹ ሲነሡ ለመላ አገሪቱ የሜዳ ተጫዋቾች የሚቀረው 18 ቦታ ነው። ስለዚህ አለመመረጥ የችሎታ ማነስ ማረጋገጫ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ወሳኟ ቀን፦ ታኅሣሥ 23

የፊፋ የዕድሜ ደንብ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን ዘመን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2026 ለሚካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ብቁ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ጀምሮ የተወለደ ነው፤ ለ2027ቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ የተወለደ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲተረጎም የመጀመሪያው ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ታኅሣሥ 23 ቀን 2002 ዓ.ም. ይሆናል።

በዚህ ስሌት በታኅሣሥ 22 ቀን 2002 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ለ2027ቱ ውድድር አይበቃም፤ በማግስቱ የተወለደ ጎረቤቱ ግን ይበቃል። የአንድ ሌሊት ልዩነት የአንድ ዓመት ዕድል ያሳጣል ወይም ይሰጣል።

በአገራችን ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው ከዘመን ቅያሪው ላይ ነው። አንዳንዶች በማንኛውም የኢትዮጵያ ዓመት ላይ 8 ቢደምሩ ትክክለኛውን የአውሮፓ ዓመት የሚያገኙ ይመስላቸዋል። ትክክለኛው ስሌት ግን እንደሚከተለው ነው። ልጁ የተወለደው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ ከሆነ በዓመቱ ላይ 7 ይደመራል። ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ከሆነ 8 ይደመራል። ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ በሚመጣው ዓመት ብቻ ወሰኑ በአንድ ቀን ቀደም ብሎ ታኅሣሥ 22 ላይ ያርፋል። ለምሳሌ በ2004 ዓ.ም. ለተወለዱ ልጆች ወሰኑ ታኅሣሥ 22 ነው።

ወላጆች የልጆቻቸውን ልደት ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት በበዓልና በእርሻ ወቅት ነው፤ “በጊፋታ ሰሞን”፣ “በበልግ ዝናብ መግቢያ”፣ “በቆሎ ሲሸለቀቅ” ይባላል። በ2002 ዓ.ም. የጊፋታ ሰሞን የተወለደ ልጅ መስከረም ላይ የተወለደ ነውና የአውሮፓ ዓመቱ 2009 ነው። አንድ ጸሐፊ በየዋህነት 8 ደምሮ 2010 ብሎ ቢጽፍለት ልጁ ሳያውቀው ዕድሜውን የቀነሰ ተጫዋች ሆኖ ይገኛል። በተቃራኒው 2002 የሚለው ቁጥር ሳይቀየር እንደ አውሮፓ ዓመት በፓስፖርት ላይ ቢሰፍር ልጁ በአንድ ጊዜ ሰባት ዓመት ያረጃል፤ ከምርጫም ይወጣል። ሁለቱም ጉዳቶች የሚመጡት ከብዕር ስሕተት ነው።

ቀደም ሲል የዓለም ታዳጊዎች ዋንጫ በየሁለት ዓመቱ ይካሄድ ስለነበር በአንዱ ዓመት የተወለዱ ልጆች ዘወትር በአንድ ዓመት ከሚበልጧቸው ጋር ለመፎካከር ይገደዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2025 እስከ 2029 ውድድሩ በኳታር በየዓመቱ 48 ቡድኖችን እያሳተፈ እንዲካሄድ ተወስኗል፤ ለአፍሪካም 10 ቦታ ተመድቧል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ የልደት ዓመት የራሱ ዕድል አለው። የልደት ዓመትን በትክክል ማወቅ ከቀድሞው ይበልጥ ዋጋ የሚያገኘው ለዚህ ነው።

የልደት ምዝገባ ለምን ዘገየ?

በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። በአዋጁ መሠረት የልጅ ልደት በተወለደ በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው የሚከናወነውም በቀበሌ ነው።

እነዚህ ሁለት ዓመታት ከላይ ከተጠቀሱት የውድድር ዓመታት ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ሐቅ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. ለ2026ም ሆነ ለ2027 ውድድር ዕድሜያቸው የሚፈቅድላቸው ልጆች በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው፤ ይህም ምዝገባው በሥራ ላይ ከመዋሉ ስድስትና ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ከምዝገባው መጀመር በኋላ የተወለዱት ልጆች 17 ዓመት የሚሞላቸው እ.ኤ.አ. ከ2033 ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ ለምርጫ የሚቀርቡ የገጠር ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን የሚያገኙት ዘግይተው፣ በወላጅ ቃልና በተገኘው ማስረጃ ላይ ተመሥርተው ይሆናል።

ዘግይቶ የተሰጠ ወረቀት ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ደጋፊ ማስረጃ ግን ያስፈልገዋል። የክትባት ካርድ፣ የጤና ተቋም የወሊድ መዝገብ፣ የክርስትና ወይም ሌላ የሃይማኖት ተቋም መዝገብ፣ ልጁ አንደኛ ክፍል የገባበት የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ሁሉም አንድ ቀን የሚናገሩ ከሆነ ጥርጣሬ አይነሣም። አንዱ 2000፣ ሌላው 2002 ካለ ግን ልጁ እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው አያገኝም።

የእጅ አንጓ ምን ይናገራል?

ወረቀት ብቻውን በቂ አለመሆኑን የተረዳው ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ውስጥ ከተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓ የኤምአርአይ ምርመራን በሥራ ላይ አውሏል። ካፍም በዚህ የዕድሜ ክልል ምርመራውን ይጠቀማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሚያድግ ልጅ አጥንት ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ የእድገት ክፍል ይገኛል። ልጁ እድገቱን ሲጨርስ ይህ ክፍል ወደ አጥንትነት ተለውጦ ይዘጋል። ኤምአርአይ ከአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት የታችኛ ጫፍ ያሳያል፤ ሐኪሞችም የመዘጋቱን መጠን ከአንድ እስከ ስድስት ባለው ደረጃ ያስቀምጣሉ። ስድስተኛው ደረጃ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል ማለት ነው። በአልጄሪያ፣ በአርጀንቲና፣ በማሌዥያና በስዊዘርላንድ ወጣት ተጫዋቾች ላይ የተካሄደው የፊፋ ጥናት እንዳመለከተው፣ 17 ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ ስድስተኛ ደረጃ ላይ የመገኘት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ምርመራው የጨረር ጉዳት የለውም፤ መርፌም ሆነ ደም መስጠት አያስፈልገውም።

ይሁን እንጂ ምርመራው የልደት ቀን አይናገርም። የሚናገረው እድገቱ አልቋል ወይም አላለቀም የሚለውን ብቻ ነው። እድገቱ የዘገየ የ18 ዓመት ወጣት ሊያልፍ ይችላል። ከ20 ዓመት በታች ለሆኑ ቡድኖች አይጠቅምም፤ በዚያ ዕድሜ የብዙዎቹ አጥንት ተዘግቷልና። ለሴቶችም አይሠራም፤ የሴቶች አጥንት ከወንዶች ቀድሞ ስለሚዘጋ። ስለዚህ ለሴት ልጆችና ለወጣት ቡድኖች ዛሬም ዋናው ማስረጃ ወረቀት ነው።

ዕድሜ መቀነስ ማንን ይጎዳል?

በሜዳ ዙሪያ “ሁለት ዓመት ብትቀንስ ምን ይጎዳል?” የሚል ምክር መስማት የተለመደ ነው። ጉዳቱ ግን ሩቅ ይደርሳል። የሜክሲኮ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1988 ለወጣቶች ሻምፒዮና ማጣሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ተጫዋቾችን አሰልፎ ተደረሰበት። ፊፋ የጣለው ቅጣት በወጣቶቹ ቡድን ላይ ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ መላ አገሪቱ ለሁለት ዓመት ከዓለም አቀፍ ውድድሮች ታገደች፤ ዋናው ቡድንም የ1990ው የዓለም ዋንጫ አመለጠው። በጥቂት ልጆች ወረቀት ላይ የተሠራ ስሕተት የአንድ ትውልድ ታላላቅ ተጫዋቾችን ዕድል በላ።

በካሜሩን ደግሞ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለዞን ማጣሪያ ከተጠሩት 30 ታዳጊዎች መካከል 21ዱ የኤምአርአይ ምርመራውን ሳያልፉ ቀርተዋል። ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ቡድኑ እንደገና ከሥር ተዋቀረ።

እውነተኛ ዕድሜ ቡድን አያዳክምም። ናይጄሪያ የ2009ኙን ውድድር ስታዘጋጅ 15 ተጫዋቾቿ በምርመራው ምክንያት ወደቁ፤ በምትካቸው የተሰባሰበው ቡድን ግን እስከ ፍጻሜ ደርሶ በስዊዘርላንድ 1 ለ 0 ብቻ ተሸነፈ። ከወደቁት ጀርባ ዕድል የሚጠብቁ ብቁ ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ዋናው ተጎጂም ይህ የሚጠብቅ ልጅ ነው። የ19 ዓመት ወጣት በ17 ዓመት ታዳጊ ስም ሲሰለፍ አንድ እውነተኛ የ16 ዓመት ልጅ ከመስመር ይወጣል። ያ ልጅ ምናልባት ከአንድ የገጠር ቀበሌ የመጣ፣ ወላጆቹ እውነቱን ያስመዘገቡለት ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን የቀነሰውም ቢሆን ውሎ አድሮ ይጎዳል፤ የትምህርት ማስረጃው፣ መታወቂያውና ፓስፖርቱ እርስ በርስ ይጋጩበታል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብም በሕግ ያስጠይቃል።

ቀድሞ የረዘመ ሁሉ ምርጥ ዘር አይደለም

ዕድሜ በትክክል ቢመዘገብም የሚቀር አንድ መድልዎ አለ፤ ይህም በመጀመሪያ የተስተዋለው ከእግር ኳስ ርቆ፣ በካናዳ የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። በካናዳ የወጣቶች ሆኪ የዕድሜ ምድብ የሚጀምረው እንደ ፊፋ ሁሉ ከጃንዋሪ 1 ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት፣ በከፍተኛ የወጣት ሊጎች ከሚጫወቱት መካከል በዓመቱ የመጀመሪያ ሦስት ወራት የተወለዱት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከተወለዱት እጅግ እንደሚበልጡ አሳዩ። በዓመቱ መጀመሪያ የተወለደ ልጅ ከመጨረሻው ይልቅ በተፈጥሮ የተሻለ ተጫዋች የሚሆንበት ምክንያት የለም። ልዩነቱ በአንድ ምድብ ውስጥ እስከ 12 ወር የሚደርስ የዕድሜ ብልጫ ስላለው ነው። በ10 ዓመት ዕድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት በቁመት፣ በጉልበትና በፍጥነት ጎልቶ ይታያል። አሠልጣኙ ትልቁን ይመርጣል፤ የተመረጠው የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፤ በሥልጠናው ምክንያት በእርግጥ የተሻለ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ይኸው ግኝት በብዙ አገሮች የእግር ኳስ ታዳጊ ቡድኖች ውስጥም ታይቷል።

አርሶ አደር ይህን ከማሳው ያውቀዋል። ፍግ በጠገበው ጓሮ የበቀለ በቆሎ ከቤት ራቅ ባለው ማሳ ካለው ቀድሞ ይረዝማል፤ ዛላውም ይወፍራል። ልምድ ያለው ገበሬ ለዘር ሲመርጥ ግን በእኩል አፈር፣ በእኩል ዝናብ ያደጉትን ያወዳድራል፤ የፍጉን ውለታ ለዘሩ አይሰጥም። ተጫዋች መራጭም የወራትን ውለታ ለችሎታ መስጠት አይገባውም።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ የዕድሜ ብልጫ የሚያገኙት ከታኅሣሥ 23 እስከ መጋቢት 22 የተወለዱ ናቸው። የሚጎዱት ደግሞ ከመስከረም 21 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለዱት ናቸው። በጊፋታ ሰሞን የተወለደ ልጅም በምድቡ ውስጥ ካለው ትልቁ ዘጠኝ ወር ገደማ ያንሳል። እንዲህ ያለ ልጅ በ13 ዓመቱ ቢቀር ተስፋ አስቆራጭ ውጤት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። የሰውነት እድገቱ ሲደርስ ክፍተቱ ይጠባልና።

አሠልጣኝ ሜዳ ላይ ምን ያያል?

የሠለጠነ መራጭ የሚያየው ተመልካች ከሚያጨበጭብለት ይለያል። ሁለትና ሦስት ተጫዋች አታልሎ የሚያልፍ ልጅ ሰው ያስደስታል። መራጩ ግን ከዚያ በኋላ ኳሷን ለማን እንደሰጠ ይመለከታል።

በቅድሚያ የሚታየው የመጀመሪያ ንክኪ ነው፤ ኳስ ስትመጣለት በቁጥጥሩ ሥር አውሎ ለቀጣዩ እንቅስቃሴ ያዘጋጃታል ወይስ ትሸሸዋለች? ቀጥሎ ኳስ ከመድረሷ በፊት ዙሪያውን መቃኘቱ፣ ሁለቱንም እግሮች መጠቀሙ፣ ኳስ በሌለበት ጊዜ ቦታ አያያዙ ይታያል። ለተከላካይ ጊዜ ጠብቆ መግባት፣ ለግብ ጠባቂ የቦታ ምርጫና ከጓደኞቹ ጋር መነጋገር ትልቅ ነጥብ ነው። ጠባይም ይመዘናል። ኳስ ሲነጠቅ እጁን አንሥቶ የሚቆም ልጅና ወዲያው ተመልሶ የሚከላከል ልጅ አንድ አይደሉም። ሲቀየር የሚያኮርፍና ወንበር ላይ ሆኖ ጓደኞቹን የሚያበረታታም እንዲሁ።

ጥሩ ምርጫ በአንድ ጨዋታ አይጠናቀቅም። ሌሊቱን በመኪና ተጉዞ፣ ያልለመደውን ጫማ በተውሶ አድርጎ የሚፈተን የገጠር ልጅ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ችሎታውን ላያሳይ ይችላል። ልጆችን በተለያዩ ቀናት፣ በተለያየ ቦታ አሰልፎ ማየት ለእነሱም ለመራጩም ፍትሐዊ ነው።

መታየት፦ የገጠር ልጅ ትልቁ ክፍተት

እስከ እ.ኤ.አ. 1981 ድረስ ካናዳ ለዓለም ወጣቶች የሆኪ ሻምፒዮና በአብዛኛው የምትልከው የአገር ውስጥ ዋንጫ ያነሣውን አንድ ክለብ ነበር። ውጤቱ አላረካም። በ1982 አሠራሩ ተለወጠና ከመላ አገሪቱ የተመረጡ ተጫዋቾች በአንድ ካምፕ ተሰባስበው ቡድን ሠሩ። በዚያው ዓመት ካናዳ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ልጆቹ በአንድ ዓመት የተለየ ችሎታ አላመጡም፤ ተፈልገው የተገኙበት ስፋት ነበር የተለወጠው።

ይህ ለኢትዮጵያም ይሠራል። ምርጫ በጥቂት ከተሞች ክለቦች ከተወሰነ የዲምቱ ልጅ ቢመዘን ሊያልፍ የሚችለውን ምዘና ሳያገኘው ይቀራል። ስለዚህ የወረዳ ውድድር፣ የትምህርት ቤቶች ጨዋታና የታዳጊ ፕሮጀክት የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ተደርገው ሊታዩ አይገባም፤ ልጁ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዚያም የክልሉ መቀመጫዎች ከሆኑት ከተሞች አንዷ ወደሆነችው ወላይታ ሶዶ እየታየ የሚወጣባቸው ደረጃዎች ናቸው። በእነዚህ ውድድሮች የሚሳተፉ ልጆች ስም፣ የልደት ቀንና የተሰለፉበት ቦታ በመዝገብ ሲያዝ የሚቀጥለው መራጭ ከባዶ አይጀምርም።

በክለብ ወይም በታወቀ ፕሮጀክት መመዝገብ ለአካባቢውም ጥቅም አለው። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ያሠለጠኑት ክለቦች፣ ልጁ በኋላ በሌላ አገር ክለብ በባለሙያነት ሲመዘገብ የሥልጠና ካሣ ሊያገኙ ይችላሉ። ይህ መብት የሚረጋገጠው በወቅቱ በተደረገ ሕጋዊ ምዝገባ ነው።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

የመጀመሪያው ተግባር ምዝገባ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ90 ቀናት ውስጥ በቀበሌ ይመዝገብ። ትልልቆቹ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ከሌላቸው ውድድር እስኪመጣ ሳይጠበቅ ይውጣላቸው። በማመልከቻው ላይ ዓመቱ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቀኑና ወሩ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈው ከላይ በተገለጸው ስሌት ይመሳከሩ። የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት መዝገብ ከእርጥበትና ከአይጥ ተጠብቀው ይቀመጡ።

ሁለተኛው ከደላላ መጠንቀቅ ነው። ለብሔራዊ ቡድን መመረጥ በገንዘብ አይገዛም። “አስመርጥልሃለሁ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የልጅ ፓስፖርት ወይም የልደት ወረቀት ተረክቦ የሚሄድ ሰው ሲያጋጥም ለወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ወደ ውጭ አገር ክለብ እወስደዋለሁ የሚልም እንዲሁ። የፊፋ ደንብ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር 18 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ከአገር ወደ አገር ማዛወርን ይከለክላል።

ሦስተኛው ትምህርት ነው። ለካምፕ የተጠራ ልጅ የሚቀረው ትምህርት እንዴት እንደሚካካስ ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። በታዳጊነቱ ከተመረጠው ልጅ ውስጥ ለዋናው ቡድን የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ደብተሩን ያልጣለ ልጅ ግን በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ባዶ እጁን አይቀርም።

አራተኛው ሴት ልጆችን ማሰለፍ ነው። የሴቶች ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫም እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በሞሮኮ 24 ቡድኖችን እያሳተፈ በየዓመቱ እንዲካሄድ ተወስኗል። ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ለልምምድ የሚተርፍ ሰዓት የማታገኝ ልጅ ችሎታዋ አይታወቅም። በቤት ውስጥ ሥራው ከወንድሟ ጋር ቢከፈል እርሷም ሜዳ ትደርሳለች። አጥንቷን የሚመረምር መሣሪያ ስለሌለም የእርሷ የልደት ወረቀት ከወንድሟ ይበልጥ በጥንቃቄ መያዝ ይኖርበታል።

በመጨረሻ ምርጫው የአሠልጣኙ ነው፤ አሠልጣኝም ሰው ነውና ሊሳሳት ይችላል። ወላጅ፣ መምህርና ቀበሌ ግን አንድ ነገር ማረጋገጥ ይችላሉ። ልጁ በእውነተኛ ስሙ፣ በእውነተኛ ዕድሜው፣ ሰው በሚያየው ሜዳ ላይ እንዲቆም ማድረግ በእነሱ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እግሩና ኳሷ ናቸው።